ጽዋው ያለበት ቤት

የሠራተኛ ሰፈር ሰው ዓምደሚካኤልን ሲያይ መጀመሪያ የሚቀልደው በስሙ ነው። የሚካኤል ዓምድ ተብሎ የተጠራ ሰው፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ይጎነበሳል። ውሻ ከጮኸ መንገድ ይቀይራል። ሰዎች ከተጣሉ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ታክሲ ውስጥ እግሩን ቢረግጡት ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ ነበር፤ ብቻውን ሲያዜም የሰማ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእንዲህ ያለ ቀጭን አንገት እንዴት ወጣ ብሎ ይደነቅ ነበር። አንድ የሆሳዕና ዕለት ግን ምስባኩን አንሥቶ የሕዝቡን ዓይን አየና ድምፁ እኩሌታው ላይ ጠፋ። ሌሎች ተቀብለው ጨረሱለት። ከዚያ ወዲህ ጊዮርጊስ ሲያስቀድስ ከወንዶቹ ሁሉ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቆማል።

አሁን ጎልማሳ ሆኗል። ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ኬክ ቤት ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ማኪያቶ ይሠራል። ማሽኑ ሲያፏጭ ማንም ስለማያናግረው ሥራውን ይወደዋል። የወተቱ አረፋ ላይ ቅጠል ሲስል ግን እጁ አይንቀጠቀጥም። ይህንን እንደ ተአምር የሚያየው እሱ ራሱ ነው።

የሚኖረው ሠራተኛ ሰፈር፣ አንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ እናቱ በተወችለት አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳ ተጋርታ የምትኖረው የሺዓለም ናት፤ እሱ እትዬ የሺ ይላታል። ባሏ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቢላና መጥረቢያ ሲሠራ ኖሮ፣ በኋላ የመስኮት ፍርግርግ እየበየደ፣ ሳንባው ጢስ ጠግቦ ሞተ። የግቢው መስኮት ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ነው፤ እነዚያው መስኮቶች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ግን የብረት ቀጥቃጭ ቤት ዓይኑ አይታመንም ይሉ ነበር። በግልጽ አይደለም፤ በሹክሹክታ፣ ልጅ ሲታመም ብቻ። የዓምደሚካኤል እናት ስትሞት ገላዋን ያጠበችው የሺዓለም ናት። ሌሎቹ ሴቶች በሽታው ይተላለፋል ብለው ደጅ ሲያለቅሱ፣ እሷ ብቻዋን ገብታ እጅጌዋን ሰብስባ አጠበቻት።

ግቢው የጊዮርጊስ ማኅበር አለው። በየወሩ በሃያ ሦስት በየተራ ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ዳቦ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፤ ቄሱ ይባርካሉ። ማኅበሩ ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ጽዋው ያደረበት ቤት ወሩን ሙሉ የተባረከ ነው ይባላል። መስከረም ሃያ ሦስት ቀን ጽዋውን ተቀብላ በእልልታ ቤቷ የገባችው የሺዓለም ነበረች። የጥቅምት ተረኛ እሷ ናት።

በዚያው ሰሞን የማኅበሩ ሙሴ የጋሼ ጸጋይ ልጅ ምኞት ታመመች። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ጋሼ ጸጋይም ሲናገር ሰው የሚሰማው፣ እድሩም የሚያከብረው ሰው ነው። ልጅቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቃ ነበር። ውጤቱን በስልኳ ካየች ጀምሮ እህል አልቀምስ አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፣ ስትነሣ ትወድቃለች። ሐኪም ቤት ጭንቀት ነው አሏቸው። እናቷ ጽዮን ይህንን ቃል አልወደደችውም። የጣቷን ቀለበት ሳይቀር ሸጣ ያስጠናቻት ልጅ በጭንቀት ብቻ አትወድቅም። የሆነ ሰው በልቷታል።

የሆነውም ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። መስከረም መግቢያ ላይ የሺዓለም ምኞትን ደጅ ስትታጠብ አይታ፣ "አቤት ፀጉር!" ብላ ነበር። ማርያም ትጠብቅሽ ሳትል።

ጠበል ሲወስዷት ዓምደሚካኤል አብሮ ሄደ፤ ልጅቷ መራመድ ስለተሳናት የሚደግፋት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንቢ ማለት አያውቅም። ውሃው ከሚወርድበት ቦታ ሁለቱን እጆቿን ይዞ ቆመ። አጥማቂው ቄስ ሌላ በሽተኛ ጋ ነበሩ። ጽዮን የልጇን ራስ ውሃው ሥር ደፍታ ትጮኻለች።

"ማን ነህ? ከየት ያዝካት? ተናገር!"

ልጅቷ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

"ከየሺዓለም ቤት ነው? የየሺዓለም ነህ? በል ተናገር! የየሺዓለም ነህ?"

ውሃው በረዶ ነው። የልጅቷ ከንፈር ጠቆረ። ጽዮን ደግማ ደጋግማ ጠየቀች። በመጨረሻ ምኞት ዓይኗን ገልጣ፣ እጇን ወደ ያዘው ሰው እያየች፣ "አዎ... አዎ፣ በቃኝ፣ በረደኝ" አለች።

ጽዮን የሰማችው "አዎ" የሚለውን ነው። እልል አለች። ጠበልተኛው ሁሉ ተቀበላት። ሰው የሚወነጅለው ሲገኝለት የሚሰማው ደስታ እንዴት ያስፈራል! አንድም ሰው ልጅቷን ጋቢ አላለበሳትም። ዓምደሚካኤል የራሱን ጃኬት አውልቆ ጣል አደረገላት፤ ሌላ ነገር ግን አልተናገረም።

እስከ ማታ ግቢው በሙሉ ሰማ። በማግሥቱ የሺዓለም ወደ ጋራው ማዕድ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ድስታቸውን ከደኑ። በሦስተኛው ቀን ምድጃዋን ውጭ አገኘችው። ሕፃናት አንገታቸው ላይ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ታሰረላቸው፤ እሷ ስታልፍ እየጮኹ ይበተናሉ። ከበሩ ቋጥኝ ላይ የሚውሉት ወጣቶች ቀልድ አላጡም።

"እማማ፣ እኔን ተዪኝ፣ አጥንት ብቻ ነኝ! ሥጋ የሚሻለው እሱ ጋ ነው!"

"እኔ ጾም ላይ ነኝ በላት!"

የሺዓለም የምታሳድጋት ድመት አንድ ጠዋት ደጃፏ ላይ ሞታ ተገኘች። ከሁሉ የባሰው ግን የሽንት ቤቱ ነው። ጋሼ ጸጋይ የጋራውን ሽንት ቤት ጓጉንቸር ቀየረና ለየቤቱ አንዳንድ ቁልፍ አደለ። ለየሺዓለም አልሰጣትም። ጠይቃው ነበር። "አልቋል" አላት።

ስለዚህ ጉልበቷ የሚያማት ሴትዮ፣ ያንን ዳገት እየወጣች፣ ፒያሳ ዓምደሚካኤል ወደሚሠራበት ኬክ ቤት ትመጣ ጀመር። አስተናጋጁ ሄኖክ ምላሱ የተሳለ የአራዳ ልጅ ነው።

"እማማ፣ እዚህ ቤት መጀመሪያ ይጠጣል፣ ከዚያ ይሸናል። ሕጉ እንደዚያ ነው።"

ሻይ አዘዘች። ሻዩን የቀዳው ዓምደሚካኤል ነው። ጠረጴዛው ላይ ትታው ወደ ጓዳ ገባች፤ ተመልሳም ሳትቀምሰው ወጣች። በየቀኑ እንደዚያው ሆነ። እሱ ማሽኑ ጀርባ ቆሞ ዓይኗን ላለማየት ብርጭቆ ያደርቃል። የሽንት ቤቱ ቁልፍ በሱሪ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጎንበስ ሲል ጭኑን ይወጋዋል።

አንድ ቅዳሜ አራት ኪሎ በኩል ወዳሉት የንስሐ አባቱ ወደ መምሬ ካላዩ ሄደ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ግራር ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ያየውንና የሰማውን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ከነገራቸው በኋላ ቀለለው፤ ሊነሣም ዳዳ።

"ቀኖናዬን ይስጡኝ አባቴ። መቶም ይሁን ሁለት መቶ ስግደት እችላለሁ።"

"ምን ያደርግልሃል?" አሉት። "ጉልበትህ አልበደለ። የበደለው ምላስህ ነው። ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱ ንገራቸው።"

"አባቴ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም።"

"አውቃለሁ።"

"ስግደቱን ይጨምሩብኝ።"

"አልጨምርም፤ ልጄ፣ ስግደት ስትሰግድ እኮ ማንም አይጠላህም። እኔም ብሆን እፈራለሁ፤ ፈሪ ስለሆንኩ ግን ለሴትዮዋ ሽንት ቤት አይከፈትላትም።" ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱት።

ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን ደረሰ። የየሺዓለም ቤት ከዋዜማው ጀምሮ ዳቦ ዳቦ ይሸት ነበር። ማንም እንደማይመጣላት ታውቃለች፤ ቢሆንም ጠላውን ጠምቃ ዳቦውን ጋገረች። ጋሼ ጸጋይ ደግሞ ለማኅበሩ ቄስ ሴትዮዋ ታማ ተራዋን አሳልፋለች ብሎ፣ ከአትክልት ተራ በኩል አዲስ ጽዋ ገዝቶ፣ ማኅበሩን እቤቱ ጠራ። አሮጌውን ጽዋ ከእሷ ቤት ሄዶ የሚያመጣ፣ እጁንም የሚያስነካ ሰው አልተገኘም።

ዓምደሚካኤል ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ መጣ። ወደ የሺዓለም ደጅ ሳይሆን ወደ ጋሼ ጸጋይ ቤት ገባ። እግሩ ብዙ ሰው ወዳለበት ወሰደው። ቄሱ ባርከው፣ ሌላ ማኅበር ስለሚጠብቃቸው ቸኩለው ወጡ። ዳቦው ተቆረሰ። ድርሻውን ሳይቀምስ በእጁ ያዘ። ተነሥቶ ቆመ።

"ጋሼ ጸጋይ፣ አንድ ነገር ልናገር።"

"አምዴ ሊናገር ነው!" አለ አንዱ ጥግ የተቀመጠ። "ጸጥ በሉ፣ ታሪክ ነው!"

ሳቁ። እሱም ልማዱ ሆኖ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታውን ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው።

"ጠበሉ ቦታ ነበርኩ። የምኞትን እጅ የያዝኩት እኔ ነኝ። የእትዬ የሺን ስም መጀመሪያ የጠራችው ምኞት አይደለችም። እትዬ ጽዮን ናቸው። ደጋግመው ጠየቋት። እሷ 'አዎ፣ በቃኝ፣ በረደኝ' ነው ያለችው። በርዷት ነው።"

ድምፁ እንደ ፍየል ግልገል ተንቀጠቀጠ፤ ግን እስከ መጨረሻው ደረሰ።

ጽዮን ማጀቱ በር ላይ ቆማ ነበር። "ምን ሰጠችህ?" አለችው። "ንገረኝ፣ ምን ከፈለችህ? ልጄን ቀብሬ እንድታርፍ ነው የምትፈልገው?" ወደ ውስጥ ዞራ ጮኸች። "ምኞት! ነይ ውጪ! ንገሪያቸው!"

ልጅቷ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ከስታለች፤ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ዓምደሚካኤልን አየችው፤ የእናቷን ፊት አየችው፤ አባቷን አየችው። እነዚያ ያለቀሱላት፣ የጾሙላት፣ ስለ ፈተናው አንድም ቃል ያልተናገሯት ሰዎች ነበሩ። ያሳመማት የወደቀችው ፈተና መሆኑን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልትነግራቸው ነው?

"አላስታውስም" አለች፤ ወደ ውስጥም ተመለሰች።

ቤቱ በአንድነት ተነፈሰ። ጋሼ ጸጋይ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። "ሰማህ? እንግዲህ ንጹሕ ናት ካልክ መንገዱ ቀላል ነው። ሂድና ከእጇ ብላ። ነገ ተነሥተህ ከቆምክ እናይሃለን።"

"ኧረ ሬሳውን ማን ሊያነሣ ነው?" አለ ጥግ ያለው፤ እንደገና ሳቁ።

ዓምደሚካኤል ግቢውን አቋርጦ ሄደ። የየሺዓለም በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጽዋው ጠረጴዛው ላይ፣ ዳቦው በኮባ ተሸፍኖ፣ ባዶ ወንበሮች መካከል ተቀምጣለች።

"ሌሎቹስ?" አለችው።

"ጋሼ ጸጋይ ቤት ናቸው።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ሳቃችሁ እዚህ ድረስ ይሰማል።"

"ሳቃችሁ" ያለችው ልቡ ውስጥ ገባ። የተናገረውን ነገራት። ታመሰግነኛለች ብሎ ሳይሆን አይቀርም የጠበቀው። እሷ ግን ትኩር ብላ አየችው።

"ወር ሊሞላው ነው" አለች። "ወር ሙሉ ታውቅ ነበር። ቁልፉን በኪስህ ይዘህ ሻይ ትቀዳልኝ ነበር።"

ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በጣቷ ጫፍ ገፍታ መለሰችለት።

"ዛሬ ብወስደው ሰርቃ ነው ይላሉ።"

"እትዬ የሺ፣ ይቁረሱልኝ። እበላለሁ።"

"አንተ?" አለች። ፊቷ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃት ታየ። "ጠላ ጠብ ካለበት የሚቃጠለውን ጨጓራህን የማላውቅ መሰለህ? ግድግዳው ስስ ነው፤ ስታቃስት እሰማሃለሁ። ዛሬ ከእኔ በልተህ ነገ ሆድህን ይዘህ ብትወጣ በድንጋይ ነው የሚፈጁኝ። ሂድ፤ ጀግንነትህን በሌላ ሰው ላይ ሞክር።"

እውነቷን ነበር። ለአፍታ፣ እግዜር ሰጠኝ፣ አልበላም ብዬ ልሂድ ብሎ አስቧል። ደስም ብሎት ነበር። ከዚያ የመምሬ ካላዩ "አውቃለሁ" ትዝ አለው።

"ካልበላሁም እኮ ፈርቶ ነው ይላሉ" አለ። "አላቃስትም።"

"ማልልኝ።"

"ክርስቲያን ነኝ፣ አልምልም። ግን አላቃስትም።"

አብረው አባታችን ሆይ ብለው ደገሙ። ቄስ አልነበረም። ዳቦውን እሷ ቆረሰች፤ ጽዋውን ሞላች። እሱ ዳቦውንና ጽዋውን ከበርጩማ ጋር ይዞ ወጣና ግቢው መሃል፣ ፀሐዩ ላይ፣ ሁሉም በሚያይበት ቦታ ተቀመጠ። ማኅበርተኞቹ ከጋሼ ጸጋይ ቤት ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሕፃናቱን ወደ ኋላ ጎተቱ። አማተበና በላ። ጽዋውን አንሥቶ እስከ ጭላጩ ጠጣ። አንዲት ሴት ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሕመሙ የመጣው ከመሸ በኋላ ነው። ስለዚያ ሌሊት ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ፎጣ ነክሶ አደረ። የግድግዳው ወዲያኛው ጎን የሺዓለም ስትጸልይ ይሰማው ነበር፤ እሷም የእሱን ዝምታ ታደምጥ ነበር። ጠዋት በሩን ሲከፍት ጽዮን ደጃፉ ፊት ለፊት ትጠርጋለች። ንጹሕ መሬት ነው የምትጠርገው።

"አደርክ?" አለችው፤ ዓይኗ ሆዱ ላይ ነው።

ውስጡ እንደ ፍም ይነድዳል። ቀጥ ብሎ ቆመ። "እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ እንዴት አደራችሁ?"

ኬክ ቤትም ሰላዮች አልቀሩም። ሁለት የሰፈር ሰዎች ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ማኪያቶ አዘዙ፤ ሊጠጡ አይደለም፣ እጁን ሊያዩ ነው። ሄኖክ ሹክ አለው። "አምዴ፣ ፊትህ ሶፍት መስሏል። ግባና ተኛ፣ እኔ እይዝልሃለሁ።" "ደህና ነኝ" አለው። ወተቱን አፈላ፤ ቅጠሉን ሳለ። ሕመም ባለበት ቦታ ለፍርሃት ስፍራ እንደማይተርፍ ያን ጊዜ አወቀ። ዕድሜውን ሙሉ ፈርቶ የኖረ ሰው ይህንን በማኪያቶ ብርጭቆ ላይ ሲያውቅ ሊስቅ ቃጣው፤ ሲስቅ ግን ያመዋል።

ጠበቁት። አንዱ ቀን አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። አልወደቀም። ክኒኑን ቤቱ ተደብቆ እየዋጠ፣ ውጭ ቀጥ ብሎ እየሄደ፣ ሳምንት ሞላው። የሰፈሩ ሰው ይቅርታ የሚጠይቅበት ጊዜ ይህ መሆን ነበረበት። ጽዮን ግን ቧንቧው ጋ፣ ጄሪካኗ እስኪሞላ፣ ነገሩን ፈታችው።

"ያልታመመው ለምን እንደሆነ ገባኝ። እሱም ከእነሱ ነው። እናቱንስ ያጠበቻት ማን ነበር? ሌላ ሰው ለምን አልደፈረም? ዘመዷ ብትሆን ነዋ!"

ሴቶቹ ተያዩ። እንዴት እስከ ዛሬ አልታያቸውም! ወሬው ከጄሪካኑ ቀድሞ ቤት ገባ። በማግሥቱ የሽንት ቤቱ ጓጉንቸር እንደገና ተቀየረ፤ ለዓምደሚካኤልም ቁልፍ አልደረሰውም። ኬክ ቤቱም ሳይሰማ አልቀረም። የሰፈር ደንበኞች ከእሱ እጅ አንጠጣም ሲሉ፣ ባለቤቱ በትሕትና ጠርቶ ከማሽኑ አነሣውና ጓዳ ብርጭቆ እንዲያጥብ አደረገው። ማሽኑን ሄኖክ ተረከበ። "ጌታዬ፣ ዓይንህን ብቻ ወደ ኬኩ አታዙርብኝ" አለው እየሳቀ። ከቀለደ በኋላ ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ወሬውን ለየሺዓለም የነገራት እሱ ነው። የሞተችው እናቱ ሳትቀር መከሰሷን ሲነግራት ድምፁ ተሰበረ። የሺዓለም ከምኞት ሕመም ሰሞን ጀምሮ ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች፤ ደረቅና የሚጎረብጥ ሳቅ ነበር።

"እንኳን ደህና መጣህ" አለችው። "አየህ፣ እዚህ ቤት ሰፊ ነው።" ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ ሳይጠፋ አለቀሰች። ትከሻዋን አቅፎ ሊያጽናናት አልደፈረም፤ አጠገቧ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አብረው ይወጣሉ፤ ሁለቱም ወደ ፒያሳ፣ እሱ ወደ ብርጭቆው፣ እሷ ወደ ሻይዋ። ዳገቱ ላይ ክንዷን ይይዛታል።

ኅዳር ገብቶ ፀሐዩ ሲጠነክር ሴቶቹ ግቢው ውስጥ በርበሬ አሰጡ። አንድ ጠዋት ሁለቱ ከደጃቸው ሲወጡ ሴቶቹ አዩአቸውና ተሯሩጠው በርበሬውን በአንሶላና በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈኑት። ቀዩ ግቢ በአንዴ ነጣ። ከእነዚህ ሴቶች ጋር ዓምደሚካኤል እሑድ አስቀድሶ ነበር፤ ሰላም ተባባሉ በተባለበት ሰዓት ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅ ሲነሡ ከኋላ አይቷቸዋል።

"ና እንሂድ" አለችው የሺዓለም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

እሱ ግን ቆመ። ጫማው ክሩ አልተፈታም ነበር፤ ጎንበስ አላለም።

"እትዬ ጽዮን፣ እንዴት አደሩ?" አለ፤ ግቢው ሁሉ እስኪሰማው።

ጽዮን የአንሶላውን ጫፍ በድንጋይ ትይዛለች።

"ምኞትስ ተሻላት? እግዚአብሔር ይማራት።"

ድንጋዩ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ። ቀና አላለችም። የሺዓለም እጅጌውን ሳበችው። እሱ የሰላምታው መልስ የሚደርስበትን ያህል ጊዜ፣ ከዚያም ትንሽ ጨምሮ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ፊቱን ወደ ሁለተኛዋ ሴት መለሰና በስሟ ጠራት።